ልጄን ስሰልል የተያዝሁበት ጠዋት

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ለሰላይነት አልተፈጠርሁም። ቁመቴ የመብራት ምሰሶ ያህላል፤ አንድ እግሬ ያነክሳል፤ ሳል ሲነሣብኝ ደግሞ የጎረቤት ፍየል ገመዷን ትበጥሳለች። በዚያ ላይ ዕድሜዬን የጨረስሁት ሮቢት መናኸሪያ ውስጥ ተራ አስከባሪ ሆኜ ነው። ሥራዬ መጮህ ነበር። ‹‹ወልድያ የሞላ! አንድ ሰው ብቻ!›› እያልሁ ግማሹ ባዶ የሆነ መኪና ውስጥ ሕዝብ ስከት ኖሬያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝና ያ ‹‹አንድ ሰው›› አንድ ሆኖ አያውቅም።

መናኸሪያ ግን መጠርጠርን ያስተምራል። በእኛ በራያ ቆላ ልጅ ይጠፋል። ማታ አብሮህ በልቶ የተኛው ጠዋት ፍራሹ ባዶ ይሆናል፤ ከወራት በኋላ ከሳዑዲ ይደወላል፤ ወይ አይደወልም። የሚወስዷቸውን ደላሎች ከሩቅ እለያቸዋለሁ። ቀስ ብለው ያወራሉ። የሚገናኙበት ቤት በሩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። ‹‹ለማንም እንዳትናገሩ›› ይላሉ። ከልጆቹም መካከል የሚያታልሉት የተከፋውን መርጠው ነው።

ልጄ ዘሀራ ደግሞ ተከፍታ ነበር።

ባሏ ጀማል ዋጃ የሚኖር የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ማሽላ ሲታጨድ አንድ ቀን ያለ ሻንጣ፣ በለበሰችው ልብስ ብቻ ደጃችን ቆመች። ግራ ጆሮዋ አይሰማም። ‹‹ምን ሆንሽ?›› ስላት ‹‹ወደቅሁ›› አለችኝ። ባለቤቴ ከድጃ ገላዋን ልታጥባት አብራት ገባችና ወዲያው ወጣች፤ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። ምን እንዳየች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። የሰው ልጅ የማይፈልገውን ነገር ላለመጠየቅ ያለው ብልሃት ይገርማል፤ እኔ ደግሞ በዚህ ብልሃት ከአገሩ አንደኛ ነኝ።

በእኛ ደንብ ሚስት ሸሽታ አባቷ ቤት ከገባች የባል ወገን ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ደጅ ይቀመጣል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ መልስ የሚሰጠው አባት ነው። ልጅቱ ውስጥ ሆና ትሰማለች። አባት ‹‹እሺ›› ካለ ወጥታ ትሄዳለች፤ አለቀ። የጀማል አጎት አያ ይመር ‹‹ሐሙስ እንመጣለን›› ብሎ ሲልክ ‹‹ኑ›› አልሁት። አያ ይመር የዱሮ ወዳጄ ነው። ምን እንደምመልስ ለራሴም አልቆረጥሁም ነበር፤ እውነቱን ከነገርኋችሁ ግን አፌ ወደ ‹‹እሺ›› ያዘነብል ነበር። ልጅ አባቷ ቤት ስትሰነብት ሰው ያወራል፤ ወሬ ደግሞ እኔን ከወባ ይበልጥ ያንቀጠቅጠኛል።

በዚህ መሐል ነው ዘሀራ በየሳምንቱ ኮቦ መሄድ የጀመረችው።

‹‹የት ነው?››

‹‹ለሕክምና ነው አባ።››

ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች። ክኒን የለ፣ መርፌ የለ፣ ሽሮፕ የለ። ምን ዓይነት ሕክምና ነው እያልሁ ከእግሯ እስከ ራሷ እመረምራታለሁ። ከዚያ ስልኳ ይጮሃል፤ ጓሮ ሄዳ በደኅነኛው ጆሮዋ ታወራለች። ስቀርብ ትዘጋለች።

አንድ አመሻሽ ከመስጊድ ስመለስ አውራ ጎዳናው ላይ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ቤት ስገባ ዘሀራ ጀርባዋን ከግድግዳ ለጥፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፤ ዓይኗ ከዕቃ ወደ ዕቃ እየተዛወረ አንድ በአንድ ትጠራለች፦ ‹‹ሳጥን… ራዲዮ… ጀሪካን… የአባ ካፖርት… ወንፊት…››

በቃ! ዕቃችንን እየቆጠረች ነው። ሽጣ ለደላላው ልትሰጥ! ‹‹የአባ ካፖርት›› ስትል ልቤ ተሰበረ፤ እሱን ማንም አይገዛትም ነበርና። ራዲዮዬን ወስጄ ጭድ ውስጥ ቀበርሁት። ከዚያ ወዲህ ያ ራዲዮ ዜና ሲያነብ ያስነጥሰዋል።

ሽማግሌው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት ዘሀራ ‹‹ኮቦ ደርሼ እመጣለሁ›› ብላ ወጣች። ነገ ሽማግሌ ይመጣል፣ ዛሬ ኮቦ? ልትጠፋ ነው አልሁ። ሽርጤን አጥብቄ፣ በነጠላ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኜ፣ ዱላዬን ይዤ ከመናኸሪያ በኋላዋ ሌላ ባጃጅ ተሳፈርሁ።

‹‹አያ ሰይድ፣ ምነው ተሸፋፈኑ? ጥርስዎን ነው?›› አለኝ ባለ ባጃጁ።

‹‹አዎ፣ ጥርሴን ነው።››

‹‹የትኛው? አለ እንዴ የቀረ?››

ኮቦ ስንደርስ ወርዳ በእግሯ መሄድ ጀመረች። እዚህ ላይ ነው ራያ ውስጥ ሰው መሰለል ለምን እንደማይቻል የተማርሁት፤ ሰላምታው አያሳልፍም። በየጥጉ አንድ ሰው እጄን ይይዘኛል። ‹‹አያ ሰይድ! አፊያ ናችሁ? ቤት ደኅና? ከብት ደኅና? ዝናቡስ ጣለላችሁ?›› እጅ ይሳማል፣ ትከሻ ይገጫል። ሳልመልስ ብሄድ ‹‹ሰይድ ኮርቷል›› ይባላል፤ ብመልስ ልጄ ታመልጠኛለች። ለአንዱ ‹‹ደኅና፣ ደኅና፣ ሁሉም ደኅና፣ ላሚቱም ደኅና!›› ብዬ ሳልጠየቅ ጨርሼለት ሮጥሁ። የሚያነክስ ሰው ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ዶሮ የሚያሳድድ ሽማግሌ ብላችሁ አስቡኝ።

ዘሀራ ወደ አንድ ጠባብ መንገድ ታጠፈች። የቆርቆሮ በር አንኳኳች፤ ተከፈተላት፤ ገባች፤ ተዘጋ። ቀረብ ብዬ አየሁት። ምንም አልተጻፈበትም። ጤና ጣቢያ ቢሆን ሰሌዳ ይኖረው ነበር፤ ወረፋ የያዘ፣ የሚያቃስት፣ ልጅ ያዘለ ሰው ይኖር ነበር። ደጁ ጭር ብሏል። በቀዳዳ ልመለከት ስል ከውስጥ ዘበኛ ‹‹ማን ነው?›› አለ። ‹‹መንገድ ተሳስቼ ነው›› ብዬ ሸሸሁ።

ዞር ብዬ በጓሮ መጣሁ። አጥሩ የበለስ ቁልቋል ነው። በበለሱና በቤቱ መካከል አንድ ሰው የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ መጋረጃው የተዘጋ መስኮት አለ። መስኮቱ ሥር ድንጋይ አገኘሁና ቁጭ አልሁ። ድንጋዩ ላይ የበለስ ቅጠል ወድቆ እንደነበረ ያወቅሁት ከተቀመጥሁ በኋላ ነው። እሾሁ የት የት እንደገባ አትጠይቁኝ። ጥርሴን ነክሼ፣ የቀረውን ማለቴ ነው፣ ዝም አልሁ።

ከውስጥ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው የማላውቃት ሴት፣ አነጋገሯ የጎጃም። ሁለተኛው የዘሀራ። ዘሀራ ጆሮዋ ከተጎዳ ወዲህ ሳታውቀው ጮክ ብላ ነው የምታወራ።

‹‹ወንበሩ ላይ ማን አለ?›› አለች ሴትዮዋ።

‹‹አባ ነው።››

ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብሁ።

‹‹እንዴት ነው የተቀመጠው?››

‹‹ሽርጡን ለብሷል። ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል።››

ዝቅ ብዬ አየሁ። ዱላዬ ጉልበቴ ላይ ነው! ያ ረቢ! ጠንቋይ ቤት ነው የገባችው። መጋረጃ አልፋ የምታይ ሴት!

‹‹ያይሻል?››

‹‹አያየኝም። መሬት መሬት ነው የሚያየው።››

እኔም እኮ መሬት መሬት ነበር የማየው።

‹‹ልትነግሪው የምትፈልጊውን ንገሪው። ስትፈልጊ ታቆሚያለሽ። እዚህ የሚያስቸኩልሽ የለም።››

እንዳልስል ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ።

‹‹አባ፣ ትሰማኛለህ?›› አለች ዘሀራ።

ነጠላዬን ይበልጥ ነከስሁ።

‹‹ነገ አያ ይመር ሲመጣ ‹እሺ› እንዳትል። ወደቅሁ ያልሁህ ውሸት ነው። አልወደቅሁም። በመጀመሪያው ዓመት በጥፊ ነበር። ከዚያ በቀበቶ። ጆሮዬን የመታኝ በሩን ዘግቶ፣ ራዲዮውን አስጩሆ ነው። ጎረቤት ዘፈን የሚሰማ መስሎታል።›› ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ሴትዮዋ ‹‹እግርሽን መሬት ላይ አድርጊ፤ እዚህ ነሽ›› አለቻት። ቀጠለች። ‹‹ጀማልን እፈራዋለሁ። ካንተ የበለጠ ግን አልፈራውም። እሱ ሲመታኝ መጮህ እችላለሁ። አንተ ደጅ ተቀምጠህ ‹እሺ› ስትል ግን ለማን ልጩህ? አባ፣ ትሰማኛለህ ወይ? ትሰማኛለህ?››

አንባቢዎቼ፣ ሰላይ ቢሆን ዝም ይላል። እኔ አባት ነኝ፤ ልጄ ጠራችኝ።

‹‹እሰማለሁ ልጄ!›› አልሁ በዚያ በመናኸሪያ ድምፄ።

ውስጥ ወንበር ወደቀ። ጩኸት ተሰማ፤ የዘሀራ ነው። ልነሣ ብል እሾሁ ያዘኝ። ዘበኛው በአንድ በኩል፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት በሌላ በኩል እየሮጡ መጡ።

‹‹ማን ነዎት?›› አለችኝ ሴትዮዋ።

‹‹ወንበሩ ላይ ያለሁት ነኝ›› አልኋት።

‹‹ምን?››

‹‹ሽርጥ የለበሰው። ዱላው ጉልበቱ ላይ ያለው። ራስሽ ስትጠይቂያት አልነበር?››

ሽርጤንና ዱላዬን አየች። ‹‹አባቷ ነዎት›› አለች። ‹‹አላየችዎትም። ወንበሩ ባዶ ነው። ፊት ለፊት ለመናገር የከበዳትን ሰው እንደ ተቀመጠ አስባ መናገር ትለማመዳለች፤ ሕክምናው ይኼ ነው። ሲስተር ሰብለ እባላለሁ፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ።››

‹‹ልጄ እብድ አይደለችም!››

‹‹አይደለችም። የተመታ ሰው ቁስሉ ሥጋው ላይ ብቻ አይቀርም። የምናክመው የማይታየውን ነው።››

እኔ ግን ጥርጣሬዬን በቀላሉ የምጥል ሰው አይደለሁም። ‹‹ታዲያ በራችሁ ላይ ለምን አልጻፋችሁም? ሳዑዲ ነው የምትልኳቸው?››

ዘበኛው ሳቁን በሳል ቀየረው። ሲስተር ሰብለ አልሳቀችም። ‹‹አባቴ፣ እኔ ከጎጃም ተመድቤ እዚህ ሐሩር ውስጥ የምቀቀል ሰው ነኝ። ሰው መላክ ብችል መጀመሪያ ራሴን እልክ ነበር። ያልጻፍነው ዛሬ እርስዎ እንዳደረጉት ተከትሎ የሚመጣ እንዳይኖር ነው። እርስዎ ዱላ ይዘው መጡ፤ የሌላዋ ባል ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃሉ? እዚህ የሚመጡት ሴቶች ማንም አይሰማንም ብለው ነው የሚናገሩት። እርስዎ ይህን ነው የሰበሩት።››

‹‹እስቲ ስለ ዘሀራ ንገሪኝ፤ ትድናለች?››

‹‹ስለ እሷ አንድ ቃል አልነግርዎትም።››

‹‹አባቷ እኮ ነኝ!››

‹‹ንጉሥም ቢሆኑ አልነግርዎትም።››

ይህን ስትል ዘሀራ ከጥጉ ወጣች። ገና ሳታየኝ ዓይኗ ከዕቃ ወደ ዕቃ ይሮጣል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፦ ‹‹ቆርቆሮ… በለስ… ድንጋይ… የሲስተር ጫማ… ዱላ…›› ሲስተር ሰብለ ጎኗ ቆማ ‹‹ጎሽ። እዚህ ነሽ። ሌላስ ምን ታያለሽ?›› ትላታለች። የልጄ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ሲመለስ አየሁ። ፍርሃት ሲወስዳት ያንን የምትጠራው ባለችበት ለመቆየት ኖሯል። ካፖርቴን ልትሸጥ አልነበረም። ልትይዘው ነበር።

‹‹…አባ›› አለች በመጨረሻ። ከዚያ ደኅነኛ ጆሮዋን ወደኔ አዞረች። ‹‹ከቤት ጀምረህ ነው የተከተልኸኝ?››

‹‹ከመናኸሪያ›› አልሁ፤ ልዩነት ያለው መስሎኝ።

‹‹ጀማልም እንደዚህ ይከተለኝ ነበር።››

እኔ ለሁሉ ነገር መልስ አላጣም፤ በቀብር ላይ እንኳ ሰው አስቄ የተገሠጽሁ ነኝ። ለዚች ግን ያደረግሁት ዱላዬን መሬት ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው።

‹‹አንተ ቀድመህ ሂድ›› አለችኝ። ‹‹አብሬህ አልሳፈርም።››

ሄድሁ። ባጃጅ ላይ መቀመጥ ስላልቻልሁ እስከ ሮቢት በአንድ ጎኔ ተጋድሜ ነው የሄድሁት። ቤት ስገባ ከድጃ ወስፌና መርፌ ይዛ እሾሁን ትነቅል ጀመር። ሁሉንም ነገርኋት። አልደነገጠችም።

‹‹ታውቂ ነበር?››

‹‹መጀመሪያ የወሰድኋት እኔ ነኝ። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት ቤቱን ያሳየችኝ።››

‹‹ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?››

‹‹ላንተ?›› አለች፤ እሾሁን ነቀለችብኝ። ‹‹ላንተ የተነገረ ነገር ካንተ ቀድሞ ዋጃ ይደርሳል። ደግሞስ የኔን አፍ አንተ ጠይቀኸው ታውቃለህ? ጸጥ በል፤ ሌላ አለ።››

ዘሀራ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። በአጠገቤ አልፋ ጓዳ ገባች።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። ደጃችን ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ዱዓ ተደረገ። አያ ይመር ነጭ ጋቢውን አስተካክሎ ጀመረ። ‹‹ሰይድ ወንድሜ፣ ጀማል ልጅ ነው፣ አጥፍቷል፣ ተጸጽቷል። ቤቱ ጨልሟል። ልጃችንን ስጠን፤ ይዘናት እንሂድ።››

ሁሉም አፌን ያያል። ‹‹እሺ›› የምትለዋ ቃል ምላሴ ሥር ተቀምጣለች፤ በጣም ቀላል ቃል ናት፤ ሳትወደድ ሳትጠላ ትወጣለች። ከኋላዬ በሩ ውስጥ የዘሀራ ትንፋሽ ይሰማኛል።

‹‹እኔ መልስ የለኝም›› አልሁ።

‹‹እንዴት ያለ ነገር ነው?››

‹‹የተመታሁት እኔ አይደለሁም። እሷን ጠይቋት።››

‹‹ሴት ልጅ በሽማግሌ ፊት?›› አለ አንዱ ገና ከመቀመጡ እየተነሣ።

‹‹ጆሮዋን ያጣችው በማን ፊት ነበር?›› አልሁት። በዕድሜዬ ካወጣኋቸው ቃላት መካከል ሳልቀልድ ያወጣኋት ይቺ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ዘሀራ ወጣች። ከንፈሯ ጥቂት ተንቀሳቀሰ፤ ምን ምን እንደጠራች አላውቅም፤ የአያ ይመርን ጋቢ ይሆናል፣ ቁርቁራውን ይሆናል። ከዚያ ቀና አለች።

‹‹አልመለስም›› አለች። ‹‹ልብሴን ላኩልኝ። ፍቺውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት እጨርሳለሁ። እናንተን አክብሬ ነው የወጣሁት። አልመለስም።››

ወደ ወንበሩ የተናገረችውን ሁሉ አልደገመችውም። ይቺው በቃቻት። ተመልሳ ገባች።

የተነሣው ሽማግሌ ሳይሰናበተኝ ሄደ። ‹‹ሰይድ ቤቱን ለሴት አስረከበ›› የሚለው ወሬ ከሰዓት በፊት መናኸሪያ ደረሰ፤ ያንን እንኳ እኔ አይደለሁም ያደረስሁት።

አያ ይመር ግን ወደኋላ ቀረ። ክንዴን ይዞ ወደ አጥሩ ሳበኝ።

‹‹ልጅህ እንዲህ መናገር የት ተማረች?››

‹‹ከእናቷ።››

‹‹አትቀልድ። ኮቦ ትመላለሳለች ይባላል። የሆነ ቤት አለ አሉ፤ ሴቶቹን የሚያነጋግሩበት። የት ጋ ነው?››

ጥርጣሬዬ እንደ ድመት ጀርባውን ነፋ። የጀማል አጎት ነው። ጀማል ልኮት ቢሆንስ? ዓይኑን አየሁ። መሬት መሬት ያያል።

‹‹አላውቀውም›› አልሁ።

‹‹ሰይድ፣ በአላህ!›› ድምፁ ወረደ። ‹‹የኔዋ ልጅ ሐያት… ጎብዬ ከተማ ያገባችው… ስልክ ስታነሣ አትናገርም። ታለቅሳለች፣ ትዘጋለች። ሁለት ጊዜ መጥታ መልሼ ሰድጃታለሁ። በገዛ አፌ።››

በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። እውነቱን ነው? የሽማግሌ ብልሃት ነው? ወላሂ እስከዛሬ አላውቅም። ቤቱን ልነግረው አፌ ደርሶ ነበር፤ የቆርቆሮውን በር፣ የበለሱን አጥር። ነገር ግን የዚያ ቤት በር ምልክት የሌለው እኔን ለመሰለ ሰው እንዳይነገር ነው፤ ለእሱም ያው ነው።

‹‹አንተ አትምጣ›› አልሁት። ‹‹እኔም አላሳይህም። ሐያትን ብቻዋን ላካት፤ ዘሀራን ‹እንዴት ነሽ› ትበላት። የቀረውን እነሱ ያውቃሉ።››

አንባቢዬ፣ አንተም ሴት ልጅ ወይ እህት ካለችህ፣ ከዚህ ሁሉ የማካፍልህ ብልሃት የለኝም። መጠርጠር አልተውሁም፤ ሽማግሌ ጠባዩን አይጥልም። ዱሮ ልጄን እጠረጥር ነበር፤ አሁን የምጠረጥረው ‹‹ወደቅሁ›› የምትል ቃል ስሰማ ነው። ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው ደግሞ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ‹‹እሺ›› ሊል የሚጣደፈውን የገዛ ምላሴን ነው። ‹‹ዘሀራ ይቅር አለችህ ወይ?›› የምትለኝ ከሆነ፣ ታናግረኛለች። ሳቅ አልፎ አልፎ አለ። ኮቦ የምትሄድበትን ቀን ግን ቀይራዋለች፤ የቱ እንደሆነ አትነግረኝም። አልጠይቃትም። መንገድ ላይ ሳያት ዞር ብዬ በሌላ በኩል እሄዳለሁ፤ ለኔ ይህን ማድረግ ከጾም ይከብዳል።

ጥቂት ሰንብቶ አንድ ጠዋት አገጯን በሻሽ የሸፈነች ልጅ ደጃችን ቆመች። ብቻዋን ናት። ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታያለች።

‹‹ዘሀራ አለች?››

‹‹የማን ልጅ ነሽ? የአያ ይመር?›› ልል አፌን ከፈትሁና መለስሁት። ‹‹አለች፣ ግቢ›› አልኋት።

ዘሀራ ወጥታ አየቻት። እጇን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻትና በሩን ዘጋች። እኔ ከቁርቁራው ሥር ነበርሁ፤ ከበሩ እስከ ተቀመጥሁበት ሹክሹክታ ሁሉ ይሰማል፤ ዘሀራ ደግሞ ጮክ ብላ ነው የምታወራ። ‹‹ማንም አይሰማንም›› ስትላት ሰማሁ።

ዱላዬን አነሣሁ፤ ልጄ ውሸታም እንዳትሆን እያነከስሁ እስከ አውራ ጎዳናው ድረስ ሄድሁ።